ነፍስን የናቁትን የነፍስ ሐኪም ማድረግ

ሰሞኑን አንድ የዩቲዩብ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ «ግኖስቲኮች የዓለማችን የመጀመሪያዎቹ ሳይኮሎጂስቶች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ቀበረቻቸው፣ ካርል ዩንግ ቆፍሮ አወጣቸው» ሲሉ አዘጋጁ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። የእሱ ከላይ ወደ ታች ነበር፣ የእኔ ከግራ ወደ ቀኝ። ግኖስቲኮች የሚባሉት በክርስትና መጀመሪያ ዘመናት የተነሡ፣ መዳን በምስጢራዊ ዕውቀት ነው የሚሉ ወገኖች ናቸው፤ ዩንግ ደግሞ የስዊዘርላንድ፣ የዙሪክ የአእምሮ ሐኪም ነው። እንግዳው እዚያ ላይ ቢያቆሙ ዝም ብዬ ባለፍሁ ነበር። ግን ቀጠሉ፦ «የእኛው መጽሐፈ ሄኖክም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተጣለው ግኖስቲክ ስለሆነ ነው።» ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ በስክሪኑ ግርጌ «የጥላ ሥራ» ለሚባል፣ ዩንግ «ጥላ» ያለውን የሰው ድብቅ ጎን ለመጋፈጥ ለሚሰጥ ሥልጠና የመመዝገቢያ ስልክ ቁጥር መሮጥ ጀመረ።

ከቀላሉ ልነሣ። ከየትኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው የተጣለው? በጀርመንኛ ቢባል ይገባኛል፤ የእነሱ መጽሐፍ ቅዱስ ሄኖክ የለውምና። ሰማንያ አሐዱ ብሎ መጻሕፍቱን በሚቆጥር ምእመን ፊት በአማርኛ ሲባል ግን፣ ተናጋሪው የሚያወሩትን መጽሐፍ ከፍተውት እንደማያውቁ ነው የሚያጋልጣቸው። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ቁምራን ላይ ከሙት ባሕር ጥቅልሎች ጋር ተገኝተዋል፤ ጥንታዊ ክፍሎቹም ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው። ታላላቆቹ የግኖስቲክ መምህራን ባሲሊደስና ቫለንቲኖስ የኖሩት ከልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት ነው። የልጅ ልጅ አያቱን አይወልድም። ይዘቱንም እንይ ካልን፣ በሄኖክ ዘንድ ፈጣሪ ልዑል ነው፣ ፀሐይና ከዋክብት ሥርዓታቸውን ይጠብቃሉ፣ ክፋት የገባው ትጉሃን የተባሉ ሁለት መቶ መላእክት ሥርዓታቸውን ጥለው አርሞን ተራራ ላይ ስለወረዱ ነው። ለግኖስቲኮቹ ግን ጥፋቱ ፍጥረት ራሱ ነው። «የዮሐንስ አፖክሪፎን» በሚባለው መጽሐፋቸው ይህን ዓለም የሠራው ያልዳባዖት የተባለ ዕውቀት የጎደለው ኃይል ነው፤ ከእኔ ሌላ አምላክ የለም እያለ የሚመጻደቀውም ከበላዩ ያለውን ስለማያውቅ ነው። ሄኖክ ይህን ቢሰማ ልብሱን በቀደደ።

ግርታው ምናልባት ከሻንጣ የመጣ ይሆን? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከላይኛው ግብፅ አንድ የግኖስቲኮች ጥራዝ ገዛ። ከዚያ ጎንደር ገባ፣ ሲመለስም የሄኖክን የግዕዝ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ጥራዙም ከሄኖክ ቅጂዎች አንዱም ዛሬ ኦክስፎርድ ናቸው። በአንድ መንገደኛ እጅ ስለተጓዙ ብቻ ግን ሁለት መጻሕፍት ሥጋ ዘመድ አይሆኑም።

ወደ ዩንግ ልምጣ። በየመድረኩ የሚነገረው ተረት አንድ ነው፦ ግብፅ ውስጥ ናግ ሐማዲ ላይ የተቀበሩት የግኖስቲኮች መጻሕፍት ወጡ፣ ዩንግ አነበባቸው፣ የሰው ልጅ ድብቅ አእምሮ ምስጢር ተገለጠ። ዓመቱን ቁጠሩ። የናግ ሐማዲ 13 ጥራዞች የተገኙት በ1945 ነው። ዩንግ ያኔ ሰባ ዓመት ሞልቶታል፣ የትምህርቱ አዕማድ ከቆሙ ቆይተዋል። ግኖስቲክ ነኝ ያለ የመሰለበት ጽሑፍ፣ «ሰባት ስብከቶች ለሙታን»፣ የተጻፈው በ1916 ነው። ታሪኩን በስተርጅና ራሱ ነግሮናል፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ደወል በኃይል ይደወላል፣ በር ላይ ማንም የለም፣ ቤቱ በመናፍስት የተጨናነቀ ይመስላል፤ እሱም በሦስት ምሽት ጽፎ ጨረሰው። ደራሲው ማን ነው ብሎ ጻፈ? የእስክንድርያው ባሲሊደስ! ማሳተሙንም በግሉ አሳተመ፣ ለወዳጅ ብቻ ሰጠ።

ያን ጊዜ ስለ ባሲሊደስ ምን ነበረው? የባሲሊደስ ሃያ አራት መጻሕፍት ማብራሪያ ጠፍቷል። የተረፈው በአብዛኛው በተቃዋሚዎቹ መጻሕፍት ውስጥ የተጠቀሰው ነው፤ ትምህርቱን በሰፊው ከተረኩት ነቃፊዎች ዋናዎቹም የቤተ ክርስቲያን አባቶች ሄሬኔዎስና የሮሙ አቡሊዲስ ናቸው። የተከሳሹን ቃል ከከሳሹ ጠበቃ ማመልከቻ ላይ አንብቦ በተከሳሹ ስም እንደመፈረም ነው። ለዚያውም ሁለቱ ከሳሾች አይስማሙም። የሄሬኔዎስ ባሲሊደስ 365 ሰማያትን ይደረድራል፣ የአቡሊዲስ ባሲሊደስ ደግሞ «ካልነበረው አምላክ» እና ከዓለም ዘር ይነሣል፤ አንድ ሰው ናቸው ለማለት እንኳ ይቸግራል። አብራክሳስንስ ተመልከቱት። በሄሬኔዎስ ዘንድ የ365ቱ ሰማያት አለቃ ነው፣ የስሙ የግሪክ ፊደላት ሲደመሩም ልክ 365 ይመጣሉ። በዩንግ ስብከት ግን ከእግዚአብሔርም ከዲያብሎስም በላይ ተቀምጦ በጎውንና ክፉውን በአንድ እስትንፋስ የሚወልድ ኃይል ሆኖ ቁጭ አለ። ይህ የዙሪክ አብራክሳስ እንጂ የእስክንድርያ አይደለም።

ይህን ሁሉ ግን ይቅር ልል እችላለሁ። ሰው በሕልሙ ያየውን ይጽፋል፣ ዩንግም ሕልመኛ ነበር። ይቅር የማልለው ሌላውን ነው፦ «ሳይኮሎጂስቶች ነበሩ» የሚለውን። ዩንግ ራሱ በ1951 ባሳተመው «አዮን» በተባለ መጽሐፉ ብዙዎቹ ግኖስቲኮች ከሳይኮሎጂስት ሌላ ምንም እንዳልነበሩ አይጠረጠርም ብሎ ጽፏል። እንግዳችን የደገሙት ይህንኑ ነው። እስቲ ቃሉን እንፍታው። ሳይኮሎጂ የሚለው ከግሪኩ ፕሲኬ ይመጣል፣ ነፍስ ማለት ነው። አሁን የቫለንቲኖስን ወገኖች ስለ ነፍስ ጠይቋቸው። ሰውን በሦስት ይከፍሉታል፦ መንፈሳውያን፣ ነፍሳውያን፣ ቁሳውያን። ቁሳዊው እንደ ጭቃ ወደ ጭቃ ይመለሳል። መንፈሳዊው ከላይ የወደቀች ብልጭታ በውስጡ ስላለችው መዳኑ የተረጋገጠ ነው። ነፍሳዊው መሀል ላይ የሚንገላታ ተራ አማኝ ነው፤ የሚጾም፣ ንስሐ የሚገባ፣ በምግባር የሚድን፣ ቢድንም ከደጅ የማያልፍ። ነፍስን ማን ሠራት? ያው ዕውቀት የጎደለው ዓለም ሠሪ! በመጨረሻው ቀን መንፈሳውያኑ ወደ ፕሌሮማ፣ ወደ ምልዓቱ፣ ሲገቡ ምን ያደርጋሉ? ነፍሳቸውን አውልቀው ይገባሉ። እኛ ቤተ መቅደስ ስንገባ ጫማችንን በር ላይ እንደምንተው፣ እነሱ ነፍስን ይተዋሉ።

ጫማቸውን በር ላይ ጥለው የገቡ ሰዎችን የጫማ ሊቃውንት ብሎ የሚጠራ ማን ነው?

«ይህንንም የነገረህ ያው ከሳሹ ሄሬኔዎስ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ጠያቂውን የሚያስደስት አይሆንም። ይኸው የሦስት ወገን ክፍፍል ከናግ ሐማዲ በወጣ «ባለ ሦስት ክፍሉ ድርሳን» በሚባል የራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ተዘርዝሯል። ያ ድርሳን የሚገኘው በየትኛው ጥራዝ መሰላችሁ? በአንደኛው፣ የዙሪኩ የዩንግ ተቋም በ1952 አስገዝቶ «የዩንግ ጥራዝ» የሚል ስም በወጣለት፣ በ1953 በሥነ ሥርዓት ለአዛውንቱ በተበረከተው ጥራዝ ነው። የገዛ ስሙን የተሸከመው መጽሐፍ ነው የሚያስተባብለው።

የእኛ የአብነት ተማሪ እንኳ ይህን ልዩነት አይስተውም። ነፍስ ለባዊት ናት፣ ነባቢት ናት፣ ሕያዊት ናት እየተባለ ነው የሚማረው፤ ነፍስ የሚያስብ፣ የሚናገር፣ የሚኖር ማንነት ናት፤ ክብር አላት። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ አማርኛው «ፍጥረታዊ ሰው» ያለው በግሪኩ ነፍሳዊ ሰው ነው፤ ቫለንቲኖሳውያኑም ጥቅሱን ይዘው ተራውን ክርስቲያን ቁልቁል ያዩበት ነበር። ዛሬ ሥልጠና የሚመዘገበው፣ በሥራው የተጨነቀ፣ ከእናቱ ጋር የተጣላ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው በእነሱ ሚዛን ነፍሳዊ ነው። ጭንቀቱን አያክሙለትም፣ ይንቁታል።

የዩንግ መንገድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ዩንግ ከነፍስ ምንም እንዲጣል አይፈልግም፦ ጥላው፣ ክፋቱ፣ ሥጋው፣ ምኞቱ ሁሉ ገብቶ ሰውየው ሙሉ እንዲሆን ነው ሕክምናው። በ1952 የወጣው «መልስ ለኢዮብ» የተባለ መጽሐፉ እኮ ክፋትን ወደ አምላክ ውስጥ እስከማስገባት ደርሷል። ለመንፈሳዊው ግኖስቲክ ዓለም እስር ቤት ናት፣ ሥራውም ግድግዳውን ቀዶ ማምለጥ ነው። ዩንግ ግን ያንኑ ክፍል ሲያስጌጥ፣ ምንጣፍ ሲያነጥፍ፣ መስኮቱን ሲወለውል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። አምላጩንና ቀለም ቀቢውን ሁለቱም ግድግዳውን ነኩት ብሎ የሥራ ባልደረባ ማድረግ ይቻላል እንዴ?

በየፌስቡኩ የሚለጠፍ አንድ ጥቅስም አለ፣ ከናግ ሐማዲ ከወጣው ከቶማስ ወንጌል ቁጥር 70። «በውስጥህ ያለውን ብታወጣ ያድንሃል፤ ባታወጣው ያጠፋሃል» ይላል የሚለጠፈው። የሕክምና ክፍል ግድግዳ ላይ የሚያምር ነው፤ የታፈነ ስሜት ያሳምማል እንደማለት። በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈው ሁለተኛው ሐረግ ግን የሚለው ሌላ ነው፦ በውስጣችሁ የሌለ እንደሆነ፣ ያ የሌላችሁ ነገር ይገድላችኋል። ልዩነቱ አይታያችሁም? አንዱ ያለህን አትፈን ይላል፣ ሌላው ያለውንና የሌለውን ሰው ይለያል። ለሌለው ሰው ምን ሥልጠና ይሰጡታል?

የዩንግ ተከታዮች ሲጨንቃቸው «ምሳሌያዊ ነው» ይላሉ። ይህ ከሁሉ ደካማው መሸሸጊያ ነው። ቫለንቲኖስ ስለ ሰማያዊቷ ጥበብ፣ ስለ ሶፊያ፣ መውደቅ ሲያስተምር በላይ በእውነት የሆነ ነገር እየተናገረ ነበር፤ «በራስህ ውስጥ ያለ ሥዕል ነው» ብትለው ከመናፍቅ ይቆጥርሃል። አይሁዳዊው ፈላስፋ ማርቲን ቡበር በ1952 ዩንግን ግኖስቲክ ነህ ብሎ ሲከሰው ዩንግ ሐኪም ነኝ፣ የማየውን ብቻ ነው የምጽፈው ብሎ ተቆጣ። ተከታዮቹ ክሱን እንደ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። የሕይወት ታሪኩንም ያነበበ ያውቃል፦ ከ1918 እስከ 1926 ግኖስቲኮችን በብርቱ ካጠና በኋላ ከእሱ ጥያቄ ጋር ለማገናኘት እጅግ የራቁ ሆነው እንዳገኛቸው ተናግሯል፤ ድልድይ ያገኘው ተራ ማዕድንን ወርቅ ለማድረግ በሚጥረው በጥንቱ ጥበብ፣ በአልኬሚ ነው። አባትየው ድልድይ አጣሁ ያለበትን ወንዝ ልጆቹ በእግር ተሻገርን ይሉናል።

ዩንግ እንደሚወዳቸው አልክድም። የወደቀችው ጥበብና የተቀበረችው ብልጭታ በሕሙማኑ ሕልም ካየው ጋር መምሰሉንም አልክድም። ከዚያ በላይ አልሰጥም።

ስለ ጥላም አንድ ነገር ልበል፣ ቃሉ የእኛ ስለሆነ። በአማርኛ ጥላው ከባድ የሚባለው ሰው የሚከበርና የሚፈራ ነው፤ ጥላ ቢስ ደግሞ የሚያሳዝነው ነው። የዩንግን ጥላ፣ የተደበቀውን ጨለማ ጎን፣ ያለ ማብራሪያ በዚሁ ቃል ሲያመጡት ሰው «ጥላህን ተጋፈጠው» የሚለውን ሰምቶ ምን እንደሚረዳ ጠይቀው ያውቁ ይሆን? አንዲት ጎረቤቴ ጥላ ወጊን ስለማባረር መስሏት ነበር። አልፈርድባትም።

ምዝገባው አርብ ይዘጋል ተብሏል። ክፍያው ለመንፈሳውያን፣ ለነፍሳውያንና ለቁሳውያን እኩል መሆኑን ግን አልነገሩንም።