ወገቤን ያያችሁ?

ከዋናው አስፋልት ወደ ሰፈሬ የሚያስገባው ኮብልስቶን ቢበዛ 600 ሜትር ነው። ከቦሌ እስከዚያ ከነዳሁት በላይ የሚያደክመኝ ግን እሱ ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። እወዳታለሁ፤ ነዳጅ አትፈጅም፣ የትም ትቆማለች። ግን አጭር ናት። የፊትና የኋላ ጎማዋ ስለሚቀራረብ ጉድጓድ ስታገኝ ወተት እንደሚናጥበት ቅል ትንጠኛለች።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ከእኔ በፊት የያዛት ሰው እንድታምር ብሎ ቸርኬዋን ቀይሮታል። ድሮ 165/70 ባለ 14 ጎማ ነበራት፤ ወርዱ 165 ሚሊ፣ የላስቲኩ ከፍታ የወርዱ 70 በመቶ። ይሄ ማለት ከቸርኬው እስከ መሬት 11 ሳንቲ ተኩል ላስቲክ አለ ማለት ነው። አሁን ያለው 195/50 ባለ 15 ነው፤ 10 ሳንቲ እንኳ አይሞላም። የጠፋችው ሁለት ሳንቲ ወገቤ ላይ ናት።

ጎሚስታው ደግሞ አለላችሁ! የጎማውን አየር «33 አድርግልኝ» ስለው «ለዚህ መንገድ አያዋጣህም» ብሎ 40 ይሞላዋል። ድንጋይ ላይ በድንጋይ። (የአየር መለኪያው ጌጅ ራሱ ከታመነ ነው እንግዲህ።)

ጋራዥም ሄጃለሁ። ንጠቱን የሚያበርደው ሾክ ተቀየረ። ሳምንት ሳይሞላ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ተመለስኩ፤ «ጎሚኒ ነው» ተባልኩ፤ ብረቶቹ መሃል ያለችው ላስቲክ። ከዚያ «ቴስቲና ነው»፤ የጎማው መገጣጠሚያ። ብሬ አለቀ፣ ቋቋታው አላለቀም።

ቅዳሜ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ላደርስ ይዣት ወጣሁ። እጀታውን በሁለት እጇ ጨብጣ «በስመ አብ» ስትል ቆየችና «ልጄ፣ መልስ ላይ በታክሲ ብመጣስ?» አለችኝ።

ሚኒባስ እኮ ነው! ያውም የኋላ ወንበር።