ዶክተር የነዳት ቢኤም

አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ምስጋና ተነፍጎታል። ደላላው ይታማል፣ ሻጩ ይረገማል፣ ገዢው ግን «ተበላ» ተብሎ ይታለፋል። እንዴት ነው የተበላው? ይሄ ሰው እኮ ኮፈን ሳይከፍት የሞተር ጤና የሚያውቅ፣ ከስር ሳያይ ሻንሲ የሚመረምር፣ በስልክ ብቻ ዋጋ የሚያጸድቅ ባለ ተሰጥኦ ነው። እስቲ ዛሬ እንኳ እናመስግነው።

ውጭ አገር ያለው ገዢ ነው የሚያሳዝነው። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ ያገለገለች ስፖርት መኪና ካማረችው ኑሮው ይቃወሳል። በሻንሲ ቁጥሯ ታሪኳን ከፍሎ ያወጣል። የት ተጋጨች፣ ስንት እጅ ዞረች፣ ሁሉንም ቁጭ ብሎ ያነባል። ከዚያ ለአንድ መካኒክ ከፍሎ ክሪክ ላይ ያሰቅላታል። ይሄ ሁሉ ሆኖ «አታዋጣም» ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ምን ዓይነት ሕይወት ነው? ሻጭ ተዋርዶ፣ ገዢ ደክሞ፣ ደላላ እንኳ ሻይ ሳይጠጣ ቀኑ ይመሻል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ክፋት የለም። ማስታወቂያው እንዲህ ብሎ ይመጣል፦ «ቢኤም ኤም3፣ ባለ አራት በር፣ ሞዴል 2003፣ ፉል ኦፕሽን፣ ቀለም ያልነካት፣ 86 ሺህ ብቻ የሄደች፣ ዶክተር የነዳት። 3.5 ሚሊዮን። ትንሽ ድርድር አለው።» በቃ። ከዚህ በላይ ምን ማወቅ ይፈለጋል?

እርግጥ ክፉ ሰው ካለ እዚች ጋ አንድ ነገር ያነሳል። የዚያ ዘመኗ ቢኤም፣ ኢ46 የምትባለው፣ ኤም3 (ጉልበተኛዋ የስፖርት ዓይነት) ሆና የወጣችው በሁለት መልክ ብቻ ነው። አንዱ ባለ ሁለት በር ነው፣ ሌላው ጣሪያው የሚታጠፍ። ባለ አራት በር ኤም3 በዚያ ትውልድ ፋብሪካው አልሠራም። ጀርመኖቹ ያን ሁሉ መሐንዲስ ይዘው ያልሠሩትን የኛ ሰው ሠራው። ያውም በትንሽ ወጪ። ከተራዋ ቢኤም ኋላ «318አይ» የሚለውን ነቅሎ «ኤም3» የሚል ይለጥፋል። 318ቷ ባለ 2 ሊትር ሞተር ናት፣ 143 የፈረስ ጉልበት አላት። ኤም3 ደግሞ 343። ሁለት መቶ ፈረስ በአንድ ጠብታ ማስቲሽ! የትኛው ፋብሪካ ነው ይሄን የሚችለው?

ደግሞ ለአዲስ አበባ ፈረስ ቢበዛ ባይበዛ ምን ልዩነት አለው? ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ጥሎ ነው የሚሠራው። የቀረው መገናኛ ላይ ተሰልፎ ይቆማል። ስለዚህ ገዢያችን ስለ ጉልበት አለመጠየቁ ሳይንሱን ጠንቅቆ ስላወቀ ነው። ለስፖርት መኪና ፍጥነት ምን ያደርግላታል? ድምፅ ይበቃታል። ለድምፁ ደግሞ ማርሚታዋን አስቆርጦላታል።

አሁን ወደ ዶክተሩ እንምጣ። በአገራችን ሐኪም አነሰ እየተባለ ይወራል። የመኪና ገበያውን ያየ ሰው ይሄን አያምንም። ያገለገለች መኪና ሁሉ ዶክተር የነዳት ናት። ኮሮላዋንም፣ ቪትዟንም፣ ያቺን ከኛ በፊት የተወለደችውን ዲኤክስም ዶክተር ነው የያዛት። ዶክተሩ ታክሲ አልሠራባትም፣ ክፍለ ሀገር አልወጣባትም፣ ጉድጓድ አላስገባትም። ቤትና ሆስፒታል ብቻ። ለዚህ እኮ ነው ከሃያ ዓመት በላይ ተነድታ 86 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ያስቆጠረችው። ሲካፈል በቀን 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የፍሬን ፔዳሏ ጎማ አልቆ ብረቱ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ዶክተሩ ጥንቁቅ ስለሆነ ነው። ቶሎ ቶሎ ፍሬን ይይዛል።

ዶክተር ያልተገኘ ጊዜ ሴት ናት የነዳቻት። ይሄንን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል። በአዘቦት ቀን ከፊቱ ሴት ስትነዳ ካየ ጡሩምባው ላይ የሚተኛው ወንድ፣ «ማን መንጃ ፈቃድ ሰጣት» ብሎ አንገቱን በመስኮት የሚያወጣው ወንድ፣ ቅዳሜ መኪና ሊገዛ ሲወጣ «ሴት ናት የነዳቻት» ሲባል ልቡ ይርሳል። መቶ ሺህ ቢጨመርበትም አይከፋውም።

ግምገማው የሚደረገው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ገዢው ብቻውን አይመጣም። ወንድሙ አለ። ሚስቱ አለች። የገዢ ደላላ አለ፣ የሻጭ ደላላ አለ። ማንም ያልጠራው፣ ማንም የማያውቀው ሦስተኛ ደላላም አለ። ከሁሉ በላይ ግን «መኪና የሚያውቀው» ጎረቤት አለ። የሰፈሩ ሁሉ መኪና በሱ ምርቃት ነው የተገዛው። ግማሹ አሁን ጋራዥ ነው። ያ ግን የሱ ጥፋት አይደለም፣ የመለዋወጫ እጥረት ነው።

እኚህ አዋቂ መጀመሪያ አንድ ዙር ይዞራሉ። ጎማዋን በእግራቸው ይመታሉ። ፓራውልቷን በጣታቸው ቋ ቋ ያደርጋሉ። ከዚያ ስፖርቴሎዋን ከፍተው በኃይል ይዘጋሉ። ጧ! ሁሉም ዝም ይላል። «ሰማችሁ? ጀርመን እኮ ናት!» ይላሉ። አዎ፣ በሩ ይዘጋል። ይሄ ተረጋገጠ።

ሞተር ሲመጣ ሻጩ ጨዋነቱን አሳይቷል። እንግዳ አይጠብቅ ብሎ ከመድረሳችን በፊት አሙቆ ጠበቀን። የዚች 318አይ ሞተር የቫልቭ ጉሚኒው ሲያረጅ ዘይት ይጠጣል። ሰማያዊ ጭሱን በደንብ የሚለቀው ደግሞ ቆሞ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ነው። ሲሞቅ ጭሱ ቀለል ይላል። ክፉ ገዢ ቢሆን ኮፈኑን በእጁ ዳሶ «ለምን ሞቀች? ነገ ጠዋት ቀዝቅዛ ልምጣባት» ይል ነበር። የኛ ሰው ግን አዋቂው የአንድ ብር ሳንቲም ሞተሩ ላይ ሲያቆሙ ለማየት ነው የተሰበሰበው። ሳንቲሟ ቆመች፣ ሞተሩ አይንቀጠቀጥም ማለት ነው። ጭብጨባ ቀረሽ።

እዚያው ሳንቲሟ ከቆመችበት አንድ ክንድ ባልሞላ ርቀት፣ ራዲያተሩ አጠገብ፣ የውሃ ዕቃዋ አለች። ፕላስቲክ ናት። በእድሜ ብዛት በመሰንጠቅ የታወቀች ናት። ውሃዋ ካለቀ ሞተሩ ይግላል፣ ከጋለ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይጣመማል። ዙሪያዋን ነጭ የውሃ ምልክት ደርቆባታል። ማን ይያት? ሁሉም አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አዲስ የተገጠመውን ትልቅ ስክሪን ነው የሚያየው። «ካሜራም አላት!» አለ ወንድሙ። የኋላ እግሯ የሚታሰርበት ወለል ደግሞ በዚህ ሞዴል ላይ ሲሰነጠቅ ይታወቃል። እሱን ለማየት ግን ስር መግባት ያስፈልጋል። እሁድ ነው፣ ሁሉም ነጭ ለብሷል። የሐበሻ ልብስ ለብሶ መሬት ላይ የሚንፏቀቅ ጤነኛ የለም።

ቀለም ያልነካት መሆኗም ተረጋገጠ። እንዲህ ነው የተረጋገጠው። የገዢው ሚስት የኋላውን በር ጎማ በጥፍሯ ገለጥ አደረገችው። መኪናዋ ጥቁር ናት። ከጎማው ስር ብርማ ነው። «ይሄ ምንድነው?» አለች። «ጥላው ነው እህቴ» አላት ደላላው። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ሁሉም አብሮ ተቀበለው። በነገራችን ላይ የቢኤም ሻንሲ ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሰባት ምልክቶች ብቻ ቢፈለጉ መቼ እንደተሠራች፣ በምን ቀለም እንደወጣች፣ ምን እንደተገጠመላት ይናገራሉ። ምን ሞዴል እንደሆነችም ይናገራሉ። በስልክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን የሰው ቤት ገመና እንዲህ አይጎረጎርም።

ያቺ ሴትዮ ግን አላረፈችም። «ጋራዥ ወስደን ብናሳያትስ?» አለች።

እንዲህ ያለ ዝምታ ለቅሶ ቤት እንኳ የለም። ሻጩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» አሉ። ወንድምየው ፊቱ ቀላ። አዋቂው «ኧረ ጋሼ! ለማለት ብላ ነው እንጂ» አሉ። ገዢው ራሱ «ይቅርታ ያድርጉልን፣ እርስዎን ሳናምን እዚህ ድረስ እንመጣለን?» አለ። ሚስትየው ወደ መኪናው ገብታ እንድትቀመጥ ተደረገ። እንዲህ ነው ጨዋነት። ለሦስት ሚሊዮን ተኩል ብር ተብሎ የሰው ፊት አይገፋም። መካኒክ ወስዶ ግማሽ ቀን ማሳየት ከዋጋው አንጻር የሽሮ ናት፣ ግን ገንዘብ አይደለም ቁም ነገሩ። ቁም ነገሩ ሻጩ እንዳይከፋቸው ነው። ገዢው ለሚቀጥለው አምስት ዓመት ቢከፋው ችግር የለውም። እሱ ወጣት ነው።

አሁን ዋጋው ተገቢ ነው አይደለም ወደሚለው እንሂድ። እዚህ ላይ ነው የገዢያችን እውቀት የሚገለጠው። ስለ አገር ኢኮኖሚ ያወራል እንጂ ስለ መኪናዋ አያወራም። በ2012 የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ወጣ፤ አሮጌ መኪና ላይ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ እስከ 500 በመቶ ተጣለ። አሮጌ መኪና እንዳይጎርፍ ነበር ሐሳቡ። እኛም አዋጁን አክብረን እዚህ የነበረውን አሮጌ አነገሥነው። ጥር 2016 ነዳጅ የሚጠጣ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ዋጋ ጨመረ። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ዋጋ ጨመረ። ኤሌክትሪክ መኪናው መንገዱን ሞላው። አሁንስ ይቀንሳል ሲባል፣ «ነዳጅ መኪና እኮ ከእንግዲህ አይመጣም ብሮ!» ተባለና ጨመረ።

በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያቺ ቢኤም ምን ተደረገላት? ምንም። ጉሚኒው አረጀ፣ ፕላስቲኩ ደረቀ፣ ወለሉ ዛገ። እሷ ቆማ ስታረጅ ዋጋዋ ግን ሮጠ። እንግዲህ ስፖርትነቷ የቱ ጋ ነው ለሚል ሰው፣ እዚህ ጋ ነው። ከዜሮ እስከ ሦስት ሚሊዮን እንዲህ የሚወነጨፍ ሞተር ጀርመን ውስጥ አልተሠራም።

ሌላው መመዘኛ ጎረቤት ነው። «እገሌ የሱን በስንት ሸጠ?» ተብሎ ይጠየቃል። እገሌ ሲሸጥ ከሸጠበት በላይ ነው የሚያወራው፣ ክብር ስለሆነ። የሚቀጥለው ሻጭ እገሌ ካወራው ይነሳል። እሱም ሲያወራ ይጨምራል። ከየትኛውም ቁጥር ስር እውነተኛ ሽያጭ መኖሩን የሚጠይቅ የለም። እንደዚህ ተረዳድቶ የሚኖር ሕዝብ የት ይገኛል?

ከዚያ ድርድር አለ። ደላላው ገዢውን ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ይወስደዋል። «ብሮ፣ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው። ላንተ ብዬ ነው ያቆየሁት።» ይሄ የነገ ጠዋቱ ሰው አይታወቅም። ማንም አይቶት አያውቅም። ግን ከሁላችንም በላይ ገንዘብ አለው፣ ሁሌም ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። እሱን ፈርቶ ያልገዛ የለም። ገዢያችንም ታግሎ 50 ሺህ አስቀነሰ። ከመቶ አንድ ብር ተኩል እንኳ አይሞላም፣ ግን ድል ድል ነው። አዋቂው ትከሻውን መታ አደረጉት። «አራት ሚሊዮን እንኳ ታወጣልሃለች፣ ዛሬውኑ ብትሸጣት» አሉት። ለምን ሻጩ ራሳቸው በአራት እንዳልሸጧት አልተጠየቀም።

የቀረው ውል ነው። «ታክሱ ይበዛል፣ ወረቀቱ ላይ ዝቅ እናርገው» ተባለ። ሁሉም ተስማማ፤ እንዲህ ያለ ስምምነት በአገራችን ብርቅ ነው። ሰዎቹ ትንሽ አሰቡና አንድ ቁጥር ጠሩ። ሚስትየው ከመኪናው ሆና ሰማች። ቁጥሩ የመኪናዋን ዕድሜ፣ የተለወጠ ቀለሟን፣ የሚያሰጋ ቴስታታዋን፣ 143 ፈረሷን አስልቶ አንድ ሐቀኛ መካኒክ ቢጠራ ከሚለው ብዙም አይርቅም። መንግሥትን ለመሸወድ ብለው ትክክለኛ ዋጋዋን አገኙት። ገዢው ሳያነብ ፈረመ። ሦስተኛው ደላላ በሩ ላይ ቆሞ ፐርሰንቱን ጠየቀ፣ በውሉ ዋጋ ሳይሆን በተከፈለው።