አውራ ጣታችሁን ሃይ በሉት

ወገኖቼ፣ ዛሬስ ሳልሸፋፍን ልናገራችሁ። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ምን እንደነካኝ እንጃ» ትላላችሁ። ታዲያ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንድ የማታውቁት ሰው ከሌላ የማታውቁት ሰው ጋር የተሰዳደበበትን ኮሜንት ከላይ እስከ ታች የምታነቡት ማን አዟችሁ ነው? ስልኩን ያነሳችሁት ሰዓት ልታዩ ነበር። ሰዓቱን ግን አላያችሁትም።

ጥፋቱ የኩባንያዎቹ ነው ባዮች አላችሁ፤ ብዙ እውነት አለው። ድሮ ገጹ ያልቅ ነበር። «ቀጣይ» የሚለውን ልንጫን ስንል «ይብቃኝ» የምንልባት ትንሽ ፋታ ነበረችን። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የተባለ የድረ ገጽ ንድፍ ባለሙያ መጨረሻ የሌለውን ገጽ ሠራ፤ ፋታዋም ቀረች። ሰውየው እንደሚጸጸት በኋላ በአደባባይ ተናግሯል። ፌስቡክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የትኛውን ጽሑፍ እንደሚያሳየን ሲመርጥ፣ የቁጣውን ፊት ጨምሮ የስሜት ምልክቶቹ ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ እንዲመዝኑ አደረገ። የቁጣውን ክብደት ዜሮ ያደረገው ከዓመታት በኋላ ነው።

ግን ያቺን የተቆጣች ፊት የተጫናት ማነው? ማሽኑ መቼ ተናደደ? «ይኼን ጉድ እዩልኝ» ብለን፣ እውነት ይሁን ውሸት ሳናጣራ፣ ሼር ያደረግነው እኛው ነን። አንዱ ልጁን ቀብሮ ሐዘኑን ሲጽፍ «መጀመሪያውኑ በደንብ ብታሳክመው ኖሮ» ብላችሁ ሥሩ የምትጽፉ አላችሁ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ አይደለም ወይ? ለቅሶ ቤት ብታገኙት እኮ አንገታችሁን ደፍታችሁ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ነበር የምትሉት። ደግሞ ጽፋችሁ አትተዉትም፤ ማን መለሰልኝ እያላችሁ በየደቂቃው ትመላለሳላችሁ። ሃምሳ ሰው አመስግኗችሁ አንዱ ቢሰድባችሁ፣ ስታብሰለስሉት የምታድሩት የአንዱን ነው።

«ታዲያ ልዝጋው?» አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ነበር። ግማሾቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራምና ለስናፕቻት ለእያንዳንዳቸው በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ሰጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የቀነሱት ብቸኝነታቸውና ድባቴያቸው ቀለል ብሎ ተገኘ። ማንም አካውንቱን አጥፋ አልተባለም። እናንተ ግን ወይ ሌሊቱን ሙሉ ትጣዳላችሁ፣ ወይ «ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቻለሁ» ብላችሁ ትለጥፉና ስንት ሰው እንዳዘነ ለመቁጠር ትመለሳላችሁ።

ወላጆች፣ እናንተ ደግሞ! «ይኼ ልጅ ከስልክ አልላቀቅ አለኝ» የምትሉት ዓይናችሁን ከስልካችሁ ሳትነቅሉ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የገጠመውን ሊነግራችሁ ጀምሮ፣ «እህ፣ እህ» ስትሉት ሰምቶ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። አላያችሁትም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 አውጥታለች። ለአዋቂው ግን የሚያወጣለት የለም፤ ራሱን በራሱ ካልገሠጸ ማን ይገሥጸው?

ስለዚህ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ለመቀስቀሻ ሌላ ሰዓት ግዙ። ከጥሪና ከቅርብ ሰው መልእክት በስተቀር ኖቲፊኬሽኑን ሁሉ ዝጉት። አይታችሁት በወጣችሁ ቁጥር የሚያስቀናችሁን ወይም የሚያናድዳችሁን ገጽ፣ የዘመድም ቢሆን፣ ይሉኝታ ሳይዛችሁ ከፊታችሁ አንሱት፤ ዝምድናው አይቋረጥም። እንጀራዬ እዚያ ላይ ነው የምትሉ፣ ለሥራው ሰዓት ቁረጡለት፤ ሸቀጥ ለማሻሻጥ ገብታችሁ የሰው ሠርግ ስታዩ አታምሹ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ጭንቀቱ ሳምንታት ካለፈው፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳችሁ፣ ነገሩ ከስልኩ በላይ ሊሆን ይችላልና የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መድኃኒቱንም ኮሜንት ላይ አትጠይቁ።