አንበሳ ደም ያለበትን ልብስ አይደብቅም

«እንስሳ የሚገድለው ሲርበው ብቻ ነው» የሚለው የተለመደ ሐሳብ ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም። መንጋ የተረከበ ወንድ አንበሳ የቀድሞውን ደቦሎች የሚገድለው እናቶቻቸው ቶሎ ለስሪያ እንዲደርሱለት ነው። ታንዛኒያ፣ ጎምቤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከ1974 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. አንድ የቺምፓንዚ ቡድን የሌላውን ወንዶች አንድ በአንድ እያሳደደ ጨርሷቸዋል፤ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል መዝግባዋለች። ያውም ቀድሞ አብረው የኖሩ ነበሩ!

እንግዲህ እኛ ሰዎችና እንስሳት በጭካኔ አንለያይም። ነፍሰ ገዳዩን «አውሬ» ስንለው ግን ሳናስበው ከተጠያቂነት እያወጣነው ነው። አንበሳው «ብተወውስ?» ብሎ አያውቅም። ሰውዬው ግን አስቀድሞ ሰበብ ያበጃል፣ ለሟቹ የተባይ ስም ያወጣለታል፤ ሲጨርስ ደግሞ እጁን ይታጠባል፣ ልብሱን ያቃጥላል፣ ሲጠየቅ «አዘውኝ ነው» ይላል። ጥፋት መሆኑን ካላወቀ ልብሱን ምን አስቃጠለው?