ዋጋው ዝቅ ያለው አሸንፏል

እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ላቦራቶሪ የምትሠሩ ትስቃላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ታገሡኝ።

ያዘዝኩት አንዲት ብልቃጥ ፕሮቲን ነው። ቲኤልአር4 ይባላል። ነጭ የደም ሴሎቻችን ላይ ተቀምጦ ባክቴሪያ ገባ አልገባ የሚያነፈንፈው እሱ ነው። የሚለየውም ኢንዶቶክሲንን ነው፤ ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያና ዘመዶቹ በውጭ ሽፋናቸው ላይ የሚሸከሙትን የቅባትና የስኳር ውህድ ማለቴ ነው። የብሩስ ቦይትለር ቡድን ይህን በ1998 እ.ኤ.አ. በአይጦች አሳየ፤ ሰውየው በ2011 ኖቤል ተጋራበት። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ገብቶ ደህና የነበረን ሰው በአንድ ሌሊት ሲጥል፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ፕሮቲን የሚቀሰቅሰው ምላሽ ከልክ ማለፉ ነው። ስለዚህ የቅንጦት ጥናት አይደለም።

ስፔሲፊኬሽኑን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ። በሰው ሴል የተመረተ ይሁን። ኤምዲ-2 ከሚባለው አጋሩ ጋር የተጣመረ ይሁን። የኢንዶቶክሲን መጠኑ ተለክቶ ወረቀቱ አብሮ ይምጣ። በቃ፣ ሦስት ነገር።

ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ፤ ሕጉ ነው፣ አልቃወምም። ኮሚቴው ተቀመጠ። ዋጋው ዝቅ ያለው አሸነፈ። ያሸነፈው ምንድን ነው? በኢ. ኮላይ የተመረተ፣ ኤምዲ-2 የሌለው፣ የቲኤልአር4 ቁራጭ!

እስቲ አስቡት። ኢንዶቶክሲን የሚያነፈንፍ ፕሮቲን፣ ኢንዶቶክሲን በለበሰው ባክቴሪያ ውስጥ ተመርቶ መጣልኝ። በደንብ ካልተጣራ ብልቃጡ ውስጥ ያለው አነፍናፊውም ተነፍናፊውም ነው። ሙከራው «ምላሽ አለ» ቢለኝ ምላሹ ከየት እንደመጣ በምን ልወቅ? ይህ የእኔ ቅብጠት አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሂት ሾክ የሚባሉት የራሳችን ፕሮቲኖች ቲኤልአር4ን ያነቃሉ ተብሎ ስንት ወረቀት ታተመ፤ ኋላ ሲጣራ ብዙው ውጤት በኢ. ኮላይ ከተመረተው ፕሮቲን ጋር አብሮ የገባው ኢንዶቶክሲን ሥራ ሆኖ ተገኘ። ቀቅለሽ አጥፊው እንዳትሉኝ ደግሞ፤ አውቶክሌቭም፣ ያ በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የምናጸዳበት ማሽን፣ አይበግረው። የብርጭቆ ዕቃን በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ማጥራት ይቻላል፣ ፕሮቲን ግን እዚያ ከገባ ከሰል ነው።

ይህን ሁሉ ለኮሚቴው አስረዳሁ። አንዱ አባል ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆይተው «ኢንሱሊንስ በባክቴሪያ ይመረት የለ?» አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ፤ የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ነበር። አዎ፣ የሰው ኢንሱሊን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደዚያ ተመርቶ ይሸጣል። ግን ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው፣ ስኳር አይንጠለጠልበትም፣ ለታካሚ ስለሚወጋም ተጣርቶ ተጣርቶ ነው የሚወጣው። ቲኤልአር4 ሙሉው 839 ነው፤ ከሴሉ ውጭ የሚውለው ክፍሉ ላይ የስኳር ሰንሰለቶች ይንጠለጠሉበታል፣ እነሱን ደግሞ ኢ. ኮላይ አይሠራለትም። ሌላኛው አባል ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ኤምዲ-2 የምትይውን ብንተወው ስንት ይቀንሳል?» ያለ ኤምዲ-2 ቲኤልአር4 ኢንዶቶክሲንን አይዝም! አንድ እግር ጫማ በስንት ትሸጣለህ እንደማለት ነው።

ጉምሩክ ላይ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁና ልለፈው፣ ደሜ ይፈላል። ወረቀቱ ላይ «የሰው» የሚል አይተው የለጋሹን ፈቃድ አምጪ አሉኝ። ለጋሽ የለም፤ ጂኑ ባክቴሪያ ውስጥ ተከቶ ባክቴሪያው ነው ያመረተው። እሺ፣ ታዲያ መድኃኒት ከሆነ የመድኃኒት ምዝገባ አምጪ። መድኃኒት አይደለም፣ «ለምርምር ብቻ» ይላል። እንግዲያው ያልሆነበትን ደብዳቤ አምጪ። ደብዳቤው ሲመጣ ማህተሙ ደብዝዟል ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ካርቶኑ መጋዘን ውስጥ ነው፤ «ሲደርስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጥ» የሚለውን ጽሑፍ ማንም ዞር ብሎ አላየው። ደርቆ የመጣ ዱቄት ስለሆነ መንገድ ላይ ለጥቂት ቀን ይችላል፤ መጋዘን ውስጥ እንዲከርም ግን ማንም አልሠራውም።

ወጣልኝ ብዬ ሳበቃ ደግሞ ንብረት ክፍል። ሞዴል 19፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ሳይቆረጥ ወደ ፍሪዘር አይገባም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሱት፣ ገለበጡት፣ አራገፉት።

«ልጄ፣ ይሄ ባዶ ነው።»

«ጋሼ፣ 50 ማይክሮግራም ነው፣ በዓይን አይታይም።»

«በዓይን ያላየሁትን እንዴት ገቢ አደርጋለሁ? ይመዘን።»

የእሳቸው ሚዛን ኪሎ ነው የሚመዝነው። በነገራችን ላይ በሳቸው አልፈርድም፤ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። መጨረሻ ላይ «ብልቃጥ፣ በቁጥር 1» ብለው መዘገቡልኝ። እንዲያውም ከሁሉም የተሻለው መግለጫ የሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

አሁን የግዥ ክፍል አቋም ይህ ነው፦ ዕቃው ተረክቧል፣ በጀቱ ተዘግቷል፣ ሌላ ከፈለግሽ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ጠይቂ። የሚመለስበት መንገድ የለም፤ ሻጩም «ባዘዛችሁት መሠረት ልከናል» ይላል፣ እውነቱን ነው። የወጣው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ በስንት ልመና የተገኘ ምንዛሪ። ስፔሲፊኬሽኑን የጻፈው ሰው ሳይፈርም የትኛውም ሪኤጀንት (የላቦራቶሪ ግብዓት) አይገዛ ብዬ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። «ለኮሚቴ ይቅረብ» ተብሎ ተመርቷል። ለየትኛው ኮሚቴ እንደሆነ ገምቱ።

አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ የትም ያላችሁ፦ የኢንዶቶክሲን መለኪያ ኪት፣ ያ ከፈረስ ጫማ ሸርጣን ደም የሚሠራው፣ የተረፈው ካለ በኢንቦክስ ያናግረኝ። ቢያንስ የመጣልኝ ዕቃ ምን ያህል እንደተበከለ ለክቼ ውጤቱን ከሚቀጥለው ስፔሲፊኬሽን ጋር አያይዘዋለሁ። በሰው ሴል የተመረተውን ከኤምዲ-2 ጋር ያለው ሰው ከተገኘ ደግሞ፣ ለጥቂት ማይክሮሊትር በረዶ የሞላ ፔርሙዝ ይዤ ያለበት ድረስ እመጣለሁ።