ሚዛን አያስፈልገንም፣ ጎረቤት አለን

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ባጃጆች የሚቆሙበት ጥግ ላይ አንድ ልጅ አለ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ካርቶን ላይ አስቀምጦ "ተመዘኑ! ተመዘኑ!" ይላል። በ5 ብር። ልጁ ያሳዝነኛል። እኛ ሰፈር ሚዛን ይዞ መምጣት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እኛ ጋ ሰው የሚመዘነው በዓይን ነው። ያውም በነጻ። ከባጃጅ ወርጄ ብሎካችን እስክደርስ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እመዘናለሁ። ጥበቃው "ተመችቶሃል አይደል!" ይለኛል። ባለሱቋ ዳቦ እየቆጠረች ዓይኗን ሆዴ ላይ ጣል ታደርግና አንዱን ዳቦ መልሳ የምታስቀምጥ ይመስለኛል። የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ደግሞ ልብስ እያሰጡ ከላይ እስከ ታች ያዩኝና "ውይ ልጄ፣ ጨመርክሳ!" ይላሉ። ሰላምታው በኋላ ይደርሳል። እንዴት አደርክ ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው፣ ሆዴን አይተው ጨርሰዋል።

እና ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተቀመጥኩት። ሰው ሲሞት ከማመስገን በቁሙ ይሻላል።

መጀመሪያ የማመሰግነው ለምርመራቸው ፍጥነት ነው። ሐኪም ደም ይወስዳል፣ ሽንት ይጠይቃል፣ ነገ ተመለስ ይላል። እትዬ ግን ከሁለተኛ ፎቅ ሆነው፣ አንድ እጃቸው አንሶላ እንደያዘ፣ መንስኤውን ያውቁታል። ገንፎ ነው። "ገንፎ አብዝተሃል ማለት ነው" አሉኝ። አልተሳሳቱም እኮ፣ አብዝቻለሁ። እንዴት እንዳወቁ ግን እግዜር ይወቅ።

የጥበባቸው ጥልቀት የገባኝ በዚያው ሳምንት ነው። የሦስተኛ ፎቁ ተማሪ፣ ነፋስ ቢመጣ ባንዲራ የሚሆነው ልጅ፣ ደረጃ ላይ አገኛቸው። "አንተ ልጅ ምነው እንዲህ ከሳህ? ገንፎ ብላ እንጂ!" አሉት። ጋሼ፣ ስኳር ያለባቸው የጽዳት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከኋላው ይመጡ ነበር። ለእሳቸውም "የገብስ ገንፎ ስኳሩን ሙልጭ አድርጎ ነው የሚያወጣው" ተባለ። ጨጓራ ላመማት ልጅ ገንፎ ታዘዘ፣ መሃሉ ላይ ሚጥሚጣ ተደርጎ። እጁ ለተሰበረው ባለ ባጃጅ ገንፎ። በአንድ ደረጃ ላይ፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ፣ ገንፎ አወፈረ፣ አከሳ፣ ስኳር አወጣ፣ ጨጓራ አለሰለሰ፣ አጥንት ገጠመ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ፋርማሲ ውስጥ ቢኖር ሰልፉ ከቱሉ ዲምቱ ይጀምር ነበር።

የእኔ ገንፎ ነገር ታሪክ አለው። አምና ባለቤቴ ወለደች። ሴት ልጅ ናት፣ እልልታው ሦስት። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚለው ሰው ከአንደኛ ፎቅ እስከ እኛ አራተኛ ፎቅ ተሰለፈ። አማቴ ከሸኖ መጡ። አንድ ማዳበሪያ የገብስ ዱቄት፣ አንድ ባልዲ ቅቤ፣ እና የራሳቸውን ማማሰያ ይዘው። የአዲስ አበባ ማማሰያ አያምኑም።

ሲያገነፉ ማየት ነበረባችሁ። ውሃው ሲፈላ ጨው ጣል ያደርጋሉ፣ ዱቄቱን በእጃቸው እየበተኑ ይጨምራሉ፣ ከዚያ ድስቱን በጨርቅ ግጥም አድርገው ይዘው እንዳይጓጉል ያማስላሉ። ትከሻቸው ይሠራል፣ ወገባቸው ይሠራል፣ ከንፈራቸው ሳይቀር ይሠራል። መብራት መሃል ላይ ጠፋ። ምንም አላሉም። ከሰል ምድጃውን ኮሪደር ላይ አውጥተው ቀጠሉ፣ ብሎኩ ሁሉ ገንፎ ገንፎ ሸተተ። ሳህን ላይ ገልብጠው በእርጥብ ማንኪያ ዙሪያውን አለሰለሱት፣ መሃሉን በጭልፋ ጀርባ ጫን አድርገው ጉድጓድ አወጡለት፣ ከዚያ በርበሬ የገባበትን ንጥር ቅቤ አፈሰሱበት። ቅቤው ሞልቶ ጠርዙ ላይ ተንቀጠቀጠ። አልፈሰሰም። ልምድ ነው።

ጠያቂ መጣ። የጠያቂን ውለታ በምን እንደምከፍል አላውቅም። አራሷ ሦስት ማንኪያ ስትበላ፣ ጠያቂዎች "አንቺ ብዪ፣ ወገብሽ ይጠና፣ ብዪ እንጂ!" እያሉ ሳህኑን ጨረሱላት። ያላትን አቅም ማንኪያ በማንሳት እንዳታባክን እኮ ነው። ገንፎን እፍ እፍ ቢሉት ሊውጡት ነው ይባላል፣ የእኛ ጠያቂዎች እፍ ለማለትም አልታገሱም። የተረፈውን እኔ በላሁ። በየቀኑ። ምግብ መድፋት ነውር ነው ብለው አሳድገውኛል።

አንድ ሌሊት ልጅቷ አላስተኛ ስትለኝ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 100 ግራም የገብስ ዱቄት 350 ካሎሪ ገደማ አለው። ለአንድ ሰው በደንብ የሞላ ሳህን 150 ግራም ዱቄት ቢወስድ 520 አካባቢ ይሆናል። ሌላው ውሃ ነው። ቅቤው ጋ ስመጣ ስልኩን ዳግም አየሁት። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው፣ የእህሉ ስታርች ግን 4። ንጥር ቅቤ ማለት ደግሞ ከሞላ ጎደል ስብ ብቻ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ይመጣል። አማቴ በአራት ማንኪያ የሚጀምሩ ሴት ናቸው። 480። ተራራውና ጉድጓዱ እኩል ናቸው ማለት ነው! ዓመት ሙሉ ተራራው ሲታማ ጉድጓዱ ዝም ብሎ ያብለጨልጫል።

ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው። "ቅቤ? ቅቤማ ወዝ ነው፣ ወዝ አያወፍርም" አሉኝ። ተመስገን አልኩ። እኔ ስሌት አወጣሁ፣ እሳቸው ሳይንስ አወጡ።

ባለቤቴ ግን ምክንያት ነበራት። የምታጠባ እናት በቀን ከወትሮው ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። የድሮ ሰዎች ካሎሪ ሳይቆጥሩ አራስን ገንፎና አጥሚት ማብላታቸው ያለ ነገር አልነበረም። እኔ ግን የማጠባው የለኝም። ቢሆንም ከአራሷ እኩል ተጠናሁ። ወገቤ ጠንቶ ቀበቶዬ አልዘጋ አለ።

ደግሞ ማንም የማይጠረጥራቸው ሌሎች ወዳጆቼ አሉ። ከኮዬ ሜክሲኮ ሠራተኛ ይዞ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ጠዋትና ማታ ተቀምጬ፣ መሃል ላይ ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ማታ ግሮሰሪ በር ላይ ለአየር ብዬ ተቀምጬ የምውለው እኔ ነኝ። ግማሽ ሊትር ቢራ ወደ 200 ካሎሪ አለው፣ አየሩ ደግሞ አንድ ቢራ ብቻ አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነት የሚያንቀሳቅስ ነገር አድርጉ ይላል። እኔ አራተኛ ፎቅ የምወጣበት አለኝ፣ እሱም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለምርመራ ስለምቆም ይቋረጣል። እስካሁን አንድም ጎረቤት "ወንበር አብዝተሃል" ብሎኝ አያውቅም። እግዜር ይስጣቸው፣ ወንበሬን አላሙብኝም።

አሁን ወደ ኦትስ ልምጣ። የብሎካችን ሴቶች ጠዋት ጠዋት በስፖርት ጫማ አስፋልቱን ይዞራሉ። ጎበዞች ናቸው፣ ይሄ ሽሙጥ አይደለም። ሲመለሱ የሚበሉት ኦትስ ነው። ኦትስ ይቀንሳል ተብሏል። ከሱፐርማርኬት በቆርቆሮ፣ ፈረንጅ አገር የታሸገ። ላዩ ላይ ማር፣ ሙዝ፣ የለውዝ ቅቤ፣ አንዳንዴም ቴምር። አንዷ ለባለቤቴ በሳህን ይዛላት መጣች፣ "አንቺ ያንን ገንፎ ተዪውና ይሄን ጀምሪ፣ ትቀንሻለሽ" ብላ። አማቴ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። በጣታቸው ነካ አደረጉት። ቀመሱት።

"ይሄማ አጃ ነው እኮ" አሉ።

"አይ እማማ፣ ኦትስ ነው።"

"አጃ ነው ልጄ። እኛ አገር የሲናር ዘመድ ነው፣ ሲናሩን ከገብሱ መሃል ስንነቅል ነው ያደግነው። ይሄን በቆርቆሮ ገዛችሁት?"

ቤቱ ጸጥ አለ። አማቴ ያላወቁት፣ ያ የሚነቅሉት እህል ሳይንሳዊ ስሙ አቬና አቢሲኒካ፣ የሀበሻ አጃ መሆኑን ነው። ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1927 እዚህ ድረስ መጥቶ የእህላችንን ዓይነት ሲሰበስብ ነበር። እኛ ደግሞ ዛሬ ዘመዱን ከውጭ አስመጥተን፣ ስሙን ቀይረን፣ ገንፎ ያልሆነ ገንፎ አድርገን እንበላዋለን። ውፍረት የሚፈራው ገንፎን ነው እንጂ ኦትስን አይፈራም፣ ስሙን አያውቀውማ!

እውነቱን ለመናገር አጃም ገብስም መልካም ናቸው። ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ አሰር አላቸው፣ ሆድ ውስጥ ይወፍርና ጥጋብን ያቆያል። በቀን 3 ግራም ያህል ከእሱ ማግኘት መጥፎውን ኮሌስትሮል ለመቀነስ ይረዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በፈረንጆቹ 1997 የአጃ ምግቦች ማሸጊያ ላይ ለልብ ይጠቅማል ብሎ መጻፍ ፈቅዷል፣ ገብስም በኋላ ተፈቅዶለታል። ባለሥልጣኑ ግን አማቴ ቅቤ ሲያፈሱ አላየም።

ጋሼስ? ምክሩን በደንብ ተቀበሉ። ስኳሩ እንዲወጣላቸው ጠዋት ገንፎ፣ ማታ ገንፎ። ኪኒኑንም "ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ አይሆንም" ተብለው ቆጠብ አደረጉት። በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸውን አዞራቸውና ተለኩ፣ ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። የለካቻቸው ነርስ ተናደደች። ገብስ ከነጭ ዱቄት ይሻል ይሆናል፣ ግን ደቅቆ ተፈጭቶ ተቀቅሎ ሲበላ እሱም ወደ ስኳር ነው የሚለወጠው፣ መጠኑን አሳንሰው ይብሉ፣ ኪኒንዎን ደግሞ አንድ ቀን እንዳያቋርጡ አለቻቸው። እትዬ ይህን ሲሰሙ ምን አሉ? "ገብሱ ነዋ ንጹህ ያልሆነው።" መካሪ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ታማሚው ቢወድቅ እንኳ ምክሩ አይወድቅም።

ሰማንያ ቀን ሞላ። ክርስትና። አማቴ ልጃቸውን ቀሚስ አልብሰው አወጧት። ወዝታለች፣ ፊቷ ሞልቷል። አራስ ቤት ገብታ ከስታ የወጣች ሴት የባሏን ስም ነው የምታጠፋው፣ ስለዚህ አማቴ ኮርተው፣ እኔም ኮርቼ፣ ደረጃውን ወረድን። ሁለተኛ ፎቅ ስንደርስ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሰማንያ ቀን ሙሉ "ብዪ፣ ብዪ እንጂ" ያሉት እትዬ። ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አይዋት።

"ውይይይ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተዘረገፍሽው? ገንፎ አበዛሽ አይደል?"

አማቴ እጃቸው ላይ ማማሰያ አልነበረም። እመቤቴ ጠበቀችን።

ባለፈው ቅዳሜ እውነቱን ልወቅ ብዬ ባጃጆቹ ጋ ወዳለው ልጅ ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ጃኬቴን ሰጠሁት፣ ትንፋሼን ያዝኩ። መርፌዋ ተወዛወዘችና 84 ላይ ቆመች። አምስት ብሬን ሰጠሁት። ልጁ ብሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ቁጥሩን ትቶ ሆዴን አየ።

"ጋሼ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ገንፎ ይበላሉ እንዴ?"