ከአዘዞ ዱባይ፦ ርካሹ ትኬቴ

ስለ ርካሽ አየር መንገዶች ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ርካሽ ትኬት ስታዩ አትቸኩሉ ይላል። እውነት ነው። እኔም ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ አየር መንገድ ዱባይ ሄጃለሁ፤ ታላቅ እህቴን ልጠይቅ።

እናቴ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሻንጣውን ሞላችው። ትኬቴ የሚፈቅደው ግን 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ብቻ ነበር። ይህን ያወቅሁት ቦሌ ሚዛኑ ላይ ነው። የእናት እጅ ያለበትን በርበሬ እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ? ለትርፉ ኪሎ ከፈልኩ። አስቀድሜ በኢንተርኔት ብገዛው ኖሮ በጣም ይረክስልኝ ነበር።

ቢሆንም እነዚህን አየር መንገዶች አጭበርባሪ ናቸው ማለት ልክ አይመስለኝም። አሠራራቸው ነው። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ይመርጣሉ፤ የአሜሪካው ሳውዝዌስት በ1971 እ.ኤ.አ. በረራ የጀመረው በቦይንግ 737 ነው። ጥገናውም ሥልጠናውም ይቀላል። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ብዙ አይቆምም። ምግቡ፣ ሻንጣው፣ ወንበር መምረጡ ለየብቻ ይሸጣል።

ለእኛ ለጎንደሮች የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዘዞ ካለው ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው ትኬት ከዱባዩ ተለይቶ ለብቻው ከተገዛ ሁለቱ በረራዎች አይተዋወቁም። የክረምት ጉም የጠዋቱን ካዘገየው ሁለተኛው አይጠብቃችሁም። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ አይመለስም። ሻንጣውንም ቦሌ ተቀብሎ እንደገና ማስመዘን አለ። እባካችሁ በዚያው ቀን አታገናኙት። እኔ ቀደም ብዬ ገብቼ አክስቴ ቤት አደርኩ፤ ሌሊቱን በሰላም ተኛሁ።